የስለት ጸጉር

ሦስት ጽንስ ከጨነገፈባት በኋላ የተገኘ ልጅ ነው ይዲድያ። እናቱ አበዛሽ፣ ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ፣ ሰባት ዓመት ሞልቶት ቁልቢ ገብርኤል እስክትወስደው ድረስ ራሱ ላይ ምላጭ ላታሳርፍ ተሳለች። በዚያ ሙቀት ሹሩባው ትከሻው ላይ የሚዘናፈል ወንድ ልጅ ለሰፈሩ መሳቂያ ቢሆንም፣ እሷ ወይ ፍንክች!

ስለቱ ሊደርስ አራት ወር ሲቀረው ልጁን አተኮሰው። ራሱን ያመዋል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል። አንድ ሐኪም ማጅራት ገትር ነው ብሎ በመርፌ አከመው፤ ተሻለው፤ ወር ሳይሞላ አገረሸበት። ጭራሽ ሲራመድ ይንገዳገድ ጀመር።

ከዚያ ወደ ዶክተር ኡበይድ ወሰደችው። ዶክተሩ የጅቡቲ ሰው ቢሆንም አዲስ አበባ ስለተማረ አማርኛው አይታማም። የጭንቅላቱን ፎቶ አሳያት።

«ወይዘሮ አበዛሽ፣ ከኋላ በኩል ዕጢ አለ። ዕጢ ብቻውን ግን እንዲህ አያተኩስም። መግል ይዞ ከሆነ፣ ሳላውቅ ብከፍተው አንጎሉ ላይ ይፈስና ልናጣው እንችላለን። ሲወለድ ጀምሮ ጭንቅላቱ ላይ ምልክት ወይም ቀዳዳ አለው?»

«የለውም።»

«እስቲ ልየው።»

«የስለት ጸጉር ነው፤ አይነካም!» ሹሩባውን በመዳፏ ሸፈነች።

ዋሸች። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ከሹሩባው ሥር፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አለች። ሰሞኑን ከቀዳዳዋ የሚወጣው ፈሳሽ ትራሱን ሲያረጥበው አበዛሽ ላብ ነው ብላ ራሷን አታላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያለች ደንበኞቿን የምትመክረው እሷው ናት፤ ምክር ለሰው ሲሆን መቼ ይጠፋል!

ይዲድያ ውሃ ጠማኝ አለ። ብርጭቆውን ሊይዝ እጁን ሰደደ፤ አየር ጨበጠ። ደገመው፤ አሁንም ሳተው። ቀና ብሎ እናቱን አያት። አበዛሽ የልብስ መቀሷን ከቦርሳዋ አወጣችና ሹሩባውን ራሷ ሸለተችው።

ዶክተር ኡበይድ እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። «ዕጢው አብሮት የተወለደ ነው» አለ። «ቀዳዳዋ እስከ ውስጥ ትዘልቃለች፤ ጀርሙ የገባው በዚች ነው።» አስቀድሞ በመድኃኒት ትኩሳቱን አበረደ፤ ቀጥሎ ዕጢውን ከነቀዳዳዋ ነቅሎ አወጣው። ስድስት ሳምንት በመርፌ ከረመና ልጁ ተረፈ።

ከሆስፒታል ሊወጡ ሲሉ ዶክተሩ ሊያጽናናት ፈለገ።

«ጸጉሩ ሸፍኖት ነው ያላዩት፤ ራስዎን አይውቀሱ።»

«የተወለደ ዕለት አይቼዋለሁ» አለች አበዛሽ። «ስለቱን የተሳልኩት ሰው እንዳያይበት ብዬ ነው።»