ዋይፋዩ የሚደርስበት ጥግ

እትዬ እቴነሽ ምራታቸውን ሳምራዊትን መጠርጠር የጀመሩት ሁዳዴ እንደገባ ነው። ልጅቷ አመሻሽ ላይ ስልኳን ይዛ ከጓሮ ክፍሏ ትወጣና ከማንጎው ዛፍ አለፍ ብላ የቆርቆሮው አጥር ጥግ ትቆማለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች፤ አንዳንዴም አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ከአጥሩ ማዶ ጋራዥ አለ። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ በረድ ሲል ጎረምሶቹ መካኒኮች ሥራቸውን የሚያጧጡፉት በዚያው ሰዓት ነው።

ባሏ ዮናስ፣ የእትዬ እቴነሽ አንድ ልጅ፣ ሰመራ መንገድ ሥራ ላይ ነው። ከመሄዱ በፊት እየተያዩ እንዲያወሩ ብሎ ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ አስገብቶ ነበር። እናቱ ግን ዕቃው አቧራ እንዳይነካው ባለመስተዋቱ ቡፌ ውስጥ ከተቱት፤ ዳንቴል አለበሱት፤ ቆለፉበት።

"እማማ፣ የእኛ ክፍል አይደርስም። መስኮቱ ጋ ቢቀመጥስ?" ብላቸው ነበር ሳምራዊት።

"ሳሎኔን ሽቦ በሽቦ ላድርገው? ለእኔ በደንብ ይሠራል" አሏት። ዳግመኛ አላነሳችባቸውም።

እትዬ እቴነሽ ጥርጣሬያቸውን በሆዳቸው መያዝ አቃታቸው። መጀመሪያ ለባለሱቋ ጎረቤታቸው ለአልማዝ፣ "የልጄ ሚስት ከጋራዡ ልጆች ጋር ነገር አላት" አሏት። ቀጥለው የሟች ባላቸውን ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ወንድሙን፣ ከጀውሃ አስጠሩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳምራዊት ነጠላዋን እንደለበሰች ሳሎን ተጠራች። ጋሼ ወንድሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ አጥሩ ጥግ ቆመሽ የምታወሪው ከማን ጋር ነው?"

"ከዮናስ ጋር ነዋ!" አለች ግራ ገብቷት።

"ከባል ጋርማ ቤት ተቀምጠው ነው የሚያወሩት" አሉ እትዬ እቴነሽ።

"በየት በኩል እማማ? ክፍሌ አይደርስም። እዚህ ደግሞ እርስዎ ፊት ባሌን ምን ብዬ ላውራው? አፍራለሁ። በዚህ መስኮት እየወጣ የሚደርሰው እዚያ ጥግ ብቻ ነው።"

ለምን እንደተጠራች የገባት ይሄኔ ነው። ዓይኗ እንባ ሞላ። ስልኳን ከፍታ ለጋሼ ወንድሙ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ስልኩን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱና ማታ ማታ ወደምትደውልበት ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ።

"የኔ ማር! ዛሬ በቀን?" የሚለው የዮናስ ድምፅ በመስኮቱ ገባ።

"እ... ወንድሙ ነኝ" አሉ ጋሼ ወንድሙ ተደናግጠው።

ተመልሰው ስልኩን በሁለት እጃቸው ለሳምራዊት መለሱላት። ወደ እትዬ እቴነሽ ዞሩና፣ "ለዚህ ነው ከጀውሃ ያስመጣሽኝ?" ብለው ምሳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

እትዬ እቴነሽ ቀና ማለት አቃታቸው። የቡፌውን ቁልፍ ከጉያቸው አወጡና ቡፌውን ከፈቱት።

በማግስቱ ፍቅሩ የሚባል የኔትወርክ ባለሙያ አስጠሩ። "መስተዋቱና ግንቡ አፍነውት ነው" አለና ዕቃውን መስኮቱ አጠገብ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ለጓሮው ክፍል ደግሞ የዋይፋይ ማራዘሚያ ተከለ። እሱ ሲሠራ እትዬ እቴነሽ ወደ አልማዝ ሱቅ ሄዱ።

"አልማዝ፣ ስለ ሳምራዊት ያልኩሽ ውሸት ነው። የምታወራው ከልጄ ጋር ነው።"

"ውይ፣ እኔማ ለማንም አልተነፈስኩ!" አለች አልማዝ።

ሱቁ ውስጥ ሽንኩርት ይመርጡ የነበሩ ሁለት ሴቶች እጃቸውን ገተው ተያዩ። እትዬ እቴነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወጡ።

ማታ የሳምራዊትን በር አንኳኩ። አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቷል።

"ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች ሳምራዊት፤ ልብሷን ማጠፏን ግን አላቋረጠችም። "ደብረ ሲና እናቴ ጋ እሄዳለሁ። ዮናስም ሂጂ ብሎኛል። ለፋሲካ ሲመጣ አብረን እንመጣለን።"

ቅሪ ለማለት አፋቸውን ከፈቱ፤ በምን አንደበት? ጠዋት ሻንጣዋን እስከ ባጃጁ ተሸክመው ሸኟት።

በዚያው ምሽት ዮናስ ደወለ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ ፀሐይ ያጠቆረው ፊቱ፣ ያልተላጨው ጺሙ ሳይቀር ይታያል። እትዬ እቴነሽ ስልኩን ወደ ጣሪያው አዞሩት።

"እማዬ፣ ፊትሽ አይታየኝም።"

"ግድ የለም ልጄ" አሉት። "እንዲሁ እናውራ።"