የማክሰኞዎቹ አምስት ኳሶች

ቨርሊን ስትራውድ በስልሳ አንድ ዓመቱ በአንዲት ማክሰኞ የተነሳ ከእንጀራው ሊፈናቀል ነበር። ሥራው ተጫዋች መመልመል ነው፤ ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞረ፣ በርካሽ ሆቴል አልጋ ወገቡን እያስቀጠቀጠ፣ የትኛው ልጅ ለትልቁ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ እንደሚበቃ ለቡድኑ ይናገራል። የመልማይ ውል ደግሞ የሚያልቀው ቡድኖች በየተራ የኮሌጅ ልጆችን የሚወስዱበት ዓመታዊው የተጫዋቾች ምርጫ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ደህና ልጅ ያመጣ ይታደስለታል፤ ጉድ ያመጣ ዕቃውን በካርቶን ሸክፎ ይወጣል።

ቨርሊን አንዴ ጉድ አምጥቷል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከምላሱ ፀጉር እስኪነቀል ተከራክሮ ያስመረጠው ኪገን ዱርሊ የሚባል ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳሱን ተቀብሎ ለጓደኞቹ የሚወረውረው ዋናው ሰው፣ በሁለት ዓመቱ ከሊጉ ተጠርጎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቨርሊን ስለ ወርዋሪ ባነሳ ቁጥር ቢሮው ውስጥ ሳል ይበዛል።

ዘንድሮ ደግሞ ሬሚ ፎንተኖ መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲከታተለው የከረመ የሉዊዚያና ልጅ ነው። ክንዱ ብቻ አይደለም፤ ጭንቅላቱም ሰከን ያለ ነው። ቨርሊን በልበ ሙሉነት "ይህን ልጅ ውሰዱ" ብሎ ጻፈ። ጥር ላይ የኮሌጅ ኮከቦች ለአንድ ሳምንት ተሰብስበው ሲለማመዱ፣ የሁሉም ቡድን መልማይ ደብተሩን ይዞ በተቀመጠበት፣ ያ ሰከን ያለው ልጅ ማክሰኞ ዕለት አምስት ኳስ "እንካችሁ" ብሎ ለባላጋራዎቹ ወረወረላቸው። አምስት! ሰው ሁሉ "ሲጨንቀው ይፈዛል" ብሎ ጻፈ።

"ተራችን አስራ አንደኛ ነው፣ ከአስር ቡድን በኋላ ነው የምንመርጠው" አለው የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ጋሬት ፑላስኪ። "ወርዋሪ ወሰድን ማለት አምስት ዓመት ተጋባን ማለት ነው። ያቺን ማክሰኞ አስረዳኝ፣ ቨርሊን። ካላስረዳኸኝ ያንን ግንብ የሚያክል ተከላካይ ወስጄ እንቅልፌን እተኛለሁ።"

"መጥፎ ቀን ውሎ ነው፣ ጋሬት።"

"የኪገን ጊዜም 'መጥፎ ቀን ውሎ ነው' ነበር ያልከኝ።"

  እውነት ነዋ። ቨርሊን ቢሮው ገብቶ የማክሰኞውን ቪዲዮ ዓይኑ ደም እስኪመስል አየው። ልጁ አልተቻኮለም፣ አልደነገጠም፤ ረጋ ብሎ፣ አስቦበት፣ ኳሱን ለጠላት ያቀብላል። ረቡዕ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ፣ እነዚያኑ ተከላካዮች ፊት ለፊት አቁሞ፣ አንድም ስህተት የለም። "ምን አባቱ ነክቶት ነው?" አለ ቨርሊን ለቴሌቪዥኑ። ቴሌቪዥኑ ምን ይመልስለታል!

ምርጫው አስር ቀን ሲቀረው ወደ ልጁ ቤት ሄደ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሲደርስ ግቢው በእንፋሎት ታፍኗል። የሬሚ እናት ወይዘሮ ኦዲል በትልቅ ድስት ክሬይፊሽ ትቀቅላለች፤ ያን ጥፍራሙን የረግረግ ፍጥረት፣ በበርበሬና በሎሚ። የመጀመሪያው ዙር በስሎ፣ ቀልቶ ወጥቶ ጋዜጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ ቀዝቅዟል። በሕይወት ያለው ደግሞ ጠረጴዛው አጠገብ ባለ ከረጢት ውስጥ ይተራመሳል።

"ለሥራ ነው የመጣሁት፣ እመቤቴ" አለ ቨርሊን።

"ሥራ በባዶ ሆድ የት አገር ነው የሚሠራው? ተቀመጡ!" አለች ኦዲል። ተቀመጠ። እንዲህ ካለች ሴት ጋር ማን ይከራከራል።

ሬሚ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ስለ ማክሰኞ ሲጠየቅ "የኔ ጥፋት ነው፣ ሚስተር ቨርሊን" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። አንገቱን ደፍቶ እጁን ወደ ክምሩ ሰደደ። ከከረጢቱ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ የወጣ አንድ ያልተቀቀለ ክሬይፊሽ እዚያው መሃል ቁጭ ብሏል፤ በዚያ ሁሉ ቀይ መካከል ጭቃማ አረንጓዴ ሆኖ ከሩቅ ይታያል። ሬሚ ደህና አድርጎ እያየው አነሳው፣ ጭንቅላቱንም ሊቆርጥ ያዘው። ክሬይፊሹ ቀድሞ አውራ ጣቱን ያዘ።

"ወይኔ!"

"ዘንድሮም?" ብላ ታላቅ እህቱ ሴሊን በሳቅ ፍርስ አለች። "አንተ ልጅ፣ በየዓመቱ!"

ቨርሊን ማላመጡን አቆመ። ማክሰኞ ዕለት አጥቂዎቹ ቀይ ማሊያ፣ ተከላካዮቹ አረንጓዴ ለብሰው ነበር። ልምምዱ ሳያልቅ ዘነበ፤ አረንጓዴው በጭቃ ተበላሸና ረቡዕ ተከላካዮቹ ነጭ ለበሱ። አምላኬ! ሦስት ወር ሙሉ የልጁን እግር፣ ክንድ፣ ትከሻ ሲመረምር ከርሞ ማሊያውን አላየም። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ስንት መልማይ እዚያ ተኮልኩሎ!

"ልጄ" አለው ዝግ ብሎ። "ቀይና አረንጓዴ ትለያለህ?"

የሴሊን ሳቅ ተቋረጠ። ሬሚ እናቱን አየ። ኦዲል ጭልፋዋን አስቀመጠች።

"እኔ ነኝ ደብቅ ያልኩት" አለች። "የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ ለአሰልጣኙ እውነቱን ነገረ። ሰውዬው በማግስቱ ኳሱን ቀምቶ ጥግ አስቀመጠው። ሲያለቅስ አደረ። በሌላ ቡድን ሳስመዘግበው 'ሁለተኛ ለሰው እንዳትናገር' አልኩት።"

"ይነግሩብኛል?" አለ ሬሚ። 

ቨርሊን ዝም ቢል ልጁን ማንም አይወስደውም፤ ቢናገርና ፑላስኪ እንደዚያ አሰልጣኝ ቢሆንስ? "ካልፈቀድክልኝ አልናገርም" አለ። "ግን በውድድር ጊዜ አንዱ ቡድን ሁሌም ነጭ ነው የሚለብሰው። ፈዛዛ ከሚሉህ እውነቱን ቢያውቁ ይሻላል።"

 "ይደውሉ" አለ ልጁ።

ቨርሊን ለፑላስኪ ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ለሁሉም ከፈተው፤ ነገሩንም አንድ በአንድ ዘረገፈ።  ሬሚ የተነከሰ ጣቱን ጨምድዶ ይጠብቃል። ኦዲል ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች መሰለኝ።

"ማሊያ?" አለ ፑላስኪ። "እኔ ሦስት ወር እንቅልፍ ያጣሁት ለማሊያ ነው? ቨርሊን፣ አንተ የተረገምክ ሽማግሌ!" ሳቁ ስልኩን አንቀጠቀጠው። "አስራ አንደኛ ድረስ ማንም ካልነጠቀን የኛ ነው። ያንተን ውልም ሰኞ ና እንፈራረማለን። ልጁ አለ እዚያ?"

"አለሁ፣ ጌታዬ።"

"ስማኝ፣ ልጄ። ልምምድ ላይ ተከላካዮቻችን ምን ቢለብሱ ይመችሃል?"

ሬሚን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረማ። "ነጭ" አለ። "ነጭ ቢሆን ደስ ይለኛል።"

"ነጭ ይለብሳሉ። በል ምሳህን ብላ" ብሎ ፑላስኪ ዘጋው።

ቨርሊን እፎይ ብሎ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ፤ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ዘጠኝ ዓመት የተሸከመው ኪገን ዱርሊ ከትከሻው ወረደ። ሬሚ እየሳቀ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል፤ ሴሊን ጀርባውን ትደበድበዋለች። ኦዲል ግን እንደቆመች ስልኩን ታየዋለች።

"በቃ?" አለች። "ይኸው ነው? አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ማሊያ ቀይሩለት ብል ኖሮ ያልቅ ነበር?"

 ሬሚ ተነስቶ እናቱን አቀፋት።