«አዎ» ብቻ የሚሰማው ሳጥን

በሐምሌ 1989 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የሐሩን ሳጥን የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ያችን አንዲት ቃል ግን ከመቶው ጊዜ ዘጠና ሰባቱን ይለያታል። ቃሏ «አዎ» ናት። የጫማ ካርቶን በሚያክለው ሳጥን ፊት ላይ ሦስት ትናንሽ አምፖሎች አራት አራት ሰከንድ እየቆዩ በተራ ይበራሉ፤ ከሥራቸው «መብራት»፣ «ሬዲዮ»፣ «ደወል» ተብሎ ተጽፏል። እጁን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው የፈለገው አምፖል ሲበራ «አዎ» ይላል፤ ሳጥኑም የተባለውን ይፈጽማል።

ሐሩን ገርጂ ባለው ቤቱ ሦስት ዓመት ደክሞበታል። ለዚሁ ብሎ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራበትን የስልክ ቴክኒሺያንነት ለቋል። የፓተንት ማመልከቻው አዲስ ፈጠራ ናቸው የሚላቸው አራት ነጥቦች አሉት። ሦስቱ ውጭ አገር አስቀድመው የታወቁ መሆናቸውን መርማሪዋ ወይዘሮ አስመረት በደብዳቤ ገልጸውለታል። አዲስ የተባለው አራተኛው ብቻ ነው፤ የትንፋሽን ድምፅ ከንግግር ለይቶ የሚጥለው ማጣሪያ። የተኛ ሰው ሲያንኮራፋ ወይም ቁና ቁና ሲተነፍስ ደወሉ በከንቱ እንዳይጮህ የሚያደርገው እሱ ነው። ማጣሪያው ካለፈ ፓተንቱ ይሰጣል፤ ካላለፈ የለም። የተግባር ፈተናው ዓርብ ሐምሌ 18 ቀን፣ ሲኤምሲ፣ አቶ መኩሪያ ቤት እንዲደረግ ተቀጥሯል።

አቶ መኩሪያ ሃያ ሁለት ዓመት በአሰብ መንገድ ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። መኪናው ከተገለበጠባቸው ወዲህ ከአንገታቸው በታች የሚታዘዛቸው አካል የለም። ሳጥኑ አልጋቸው አጠገብ በተቀመጠ በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጃቸው ሙሉነሽ ሐሩን ቤት ስልክ ደወለች።

«ጋሽ ሐሩን፣ ኧረ ሳጥንዎን መጥተው ይውሰዱልኝ!»

«ምን ሆነ?»

«ትናንት ደወሉን አምኜ ሰርቪስ ቤት ልብስ ስተኩስ ነበር። ደወሉ ጆሮዬ ሥር ነው፤ አንዴ እንኳ አልጮኸም። ስመለስ ነፋሱ መስኮቱን በርግዶት ዝናቡ አልጋው ላይ ይወርዳል። አባዬ ከንፈሩ ጠቁሯል። አንድ ሰዓት ሙሉ!»

ሐሩን መጀመሪያ የጠረጠረው ዝናብ ሲመታው የሚጮኸውን የጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ሲኤምሲ ደርሶ ዝናቡ እስኪጀምር ጠበቀ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እስቲ ደወሉ ጋ ሲደርስ አዎ ይበሉ።»

«አዎ።»

ደወሉ ጮኸ። ሃያ ጊዜ አስባላቸው፤ ሃያውንም ሰማ።

«ላንተ ሲሆን ይሠራል» አሉ አቶ መኩሪያ። «ጌታውን ያውቃላ!»

«ትናንት ምን ብለውት ነው?»

«ምን እለዋለሁ? ልደውል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ መለስኩለት። ዝም ብሎኝ አለፈ። ዞሮ መጣ፣ መለስኩለት። እንደ ትራፊክ ፖሊስ አየት አድርጎኝ አለፈ። ኋላ ላይ ተውኩት። ደግሞ እሱን ደጅ ልጥና?»

ሐሩን ማይክሮፎኑን ቀየረ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ለካ፤ እንከን አላገኘም። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ የሚያየውን ብቻ ሊጽፍ።

ሙሉነሽ ገባች። «አባዬ፣ ትራሱን ከፍ ላድርገው?»

አቶ መኩሪያ ትንፋሻቸውን አጠር አድርገው ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ከፍ አደረገችው።

«ውሃ ላምጣልህ?»

አሁንም ሳብ አደረጉ። አመጣችላቸው።

የሐሩን እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆመ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አቶ መኩሪያ ሠላሳ አንድ ጊዜ እሺታቸውን ገለጹ። «አዎ» ያሉት አራት ጊዜ ነው። ሃያ ሰባቱ ትንፋሽ ነበር። ሳጥኑ አልተሳሳተም፤ እያንዳንዷን ትንፋሽ በትክክል ለይቶ ጥሏታል።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለሰልዋ ሲነግራት ሳቀች።

«አንተስ ብትሆን? ሻይ ልድገምህ ስልህ አንድ ቀን አዎ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ሳጥኑን ያሠለጠንኩት የአርባ ሰው ድምፅ ቀድቼ ነው፣ ሰልዋ። አርባ ሰው! አንዱ እንኳ እንዲህ አላደረገም።»

«ከወረቀት ላይ አስነበብካቸዋ። ትንፋሽ ማን ያነባል?»

ሐሩን አልሳቀም። «ዓርብ ሴትዮዋ አዎ ይበሉ ነው የሚሏቸው። ይላሉ። ይሠራል።»

«እና?»

«እናማ ያልፋል።»

«ሙሉነሽስ?» አለች ሰልዋ። ሐሩን ማስታወሻ ደብተሩን ከደነ።

ዓርብ ወይዘሮ አስመረት ቅጻቸውንና ሰዓታቸውን ይዘው መጡ። አቶ መኩሪያን ሃምሳ ጊዜ «አዎ» አስባሏቸው፤ ሳጥኑ አርባ ዘጠኙን ሰማ።

«ከጠበቅሁት በላይ ነው» አሉና ብዕራቸውን አነሡ።

ሐሩን በልቡ ቅጹን ደጋግሞ አነበበው። የሚጠይቀው ስለ ቃሉ ነው፤ ስለ ቃሉ ደግሞ ማንንም አልዋሸም። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀው ያንን ፊርማ ነው። ይኼኔ ሙሉነሽ ፊቷ ፈክቶ የልብሱን ዘንቢል አነሣች።

«ጥላዬስ? ከተሠራማ እኔ ሰርቪስ ቤት ልሂድ።»

«ቆይ፣ አትሂጂ» አላት ሐሩን። ድምፁ እሱንም አስደነገጠው። ወደ ወይዘሮ አስመረት ዞረ። «አዎ ይበሉ አይበሏቸው። የደወሉ አምፖል ሲበራ እንደ ሰው ይጠይቋቸው።»

ግራ ቢገባቸውም ወደ አልጋው ቀረቡ። «አቶ መኩሪያ፣ ይደወል?»

አቶ መኩሪያ ትንፋሽ ሳብ አደረጉ። አምፖሉ አራት ሰከንድ በርቶ አለፈ። ስድስት ጊዜ ጠየቋቸው፤ ስድስቱንም ጊዜ መለሱ፤ ደወሉ አልጮኸም።

«አያችሁት? ናቀኝ እኮ!» አሉ አቶ መኩሪያ።

ወይዘሮ አስመረት ብዕራቸውን ከደኑ። «መቼ ነው ያወቁት?»

«ማክሰኞ።»

«አራተኛው ነጥብ ላይ "የተጠቃሚውን መልስ ሳይጥል" ብለው ጽፈዋል። እንዲህ እያለ አልፈርምበትም። ማጣሪያውን ካወጡት ደግሞ አዲስ የሚባል ነገር አይኖረውም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ሙሉነሽ ዘንቢሉን አስቀምጣ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ማመልከቻው በመስከረም 1990 ውድቅ ተደረገ። ሐሩን ማጣሪያውን አወጣ። የስድሳ ሰዎችንም ድምፅ ያለ ወረቀት፣ እያጫወተ ቀዳ፤ ሳጥኑን በትንፋሽ ድምፅ እንደገና አሠለጠነው። በጥቅምት ወር ለአሥር ቀን አቶ መኩሪያ ቤት ተፈተነ። ከሁለት መቶ የትንፋሽ መልሶች ሰባ አንዱን ሰማ፤ እሺታን ከማንኮራፋት መለየት አቅቶት ደግሞ ማንም ሳያዘው መቶ አራት ጊዜ ደወለ።