በማር የተነከረ ጣት

"አምጪ! የእሱን ሸሚዝ የማጥበው እኔ ነኝ።"

ሸዋገነት የባሏን ሸሚዝ ከብርቅዬ እጅ ነጥቃ ሳፋው ውስጥ ደፈቀችው። ልጅቷ የእጇን አረፋ ጠርጋ ወደ ኋላ አለች።

አናጢው አሰፋ ብርቅዬን ያገኛት ጦር ኃይሎች አጠገብ የአንድ ቡና ቤት በር ሊጠግን ሄዶ ነው። ወለተጻድቅ የምትባል ደላላ "ትምህርት ቤት አስገባታለሁ" ብላ ከጎጃም አምጥታ ለቡና ቤቱ ሸጣት ነበር፤ ልጅቷም ጓዳ ተቆልፎባት ነበር። አሰፋ ቁልፉን ነቅሎ ይዟት ኮልፌ መጣ። ሸዋገነትም አልቅሳ ተቀበለቻት።

ከዚያ ወዲህ ግን ባሏ ሳይመሽ ይገባ ጀመር። "በላሽ?" ይላል፤ ልጅቷን ነው የሚጠይቀው። ወልዳ ላልሳመች ሴት ይህች አንዲት ቃል እንደ እሾህ ናት።

የአጥሩ በር ተንኳኳ። ብርቅዬ በቀዳዳው አይታ፣ "እሷ ናት!" ብላ ከሸዋገነት ጀርባ ተሸጎጠች።

ወለተጻድቅ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። "በጃንሆይ አምላክ፣ የእህቴን ልጅ ስጪኝ!" አለች ጎረቤት እንዲሰማ። ቀጥላ ጠጋ ብላ፣ "ምን ያደርግልሻል እቴ? ባል ያላት ሴት ኮረዳ አታስጠጋም። ነገ አንቺው ውጪ ትባያለሽ" አለቻት።

ሸዋገነት ይህንኑ በልቧ ስታመላልሰው ሰንብታለች። ከዚህች ሴት አፍ ስትሰማው ግን አፈረችበት። ብርቅዬ ከኋላዋ የሸዋገነትን ቀሚስ ጫፍ ጨምድዳ ይዛለች።

"አክስቷ ከሆንሽ ቁጭ በይ፣ ምስክር ትሆኛለሽ። አሰፋ!"

ባሏ መጋዙን እንደያዘ ከጓሮ ብቅ አለ። "ምን ሆነሻል?"

"ልጅ ልታጠባ ነው። አባባ ገሜዳ፣ እርስዎም ይምጡልኝ!"

ሸዋገነት ከቤት ማር በሳህን ይዛ ወጣች። ጎረቤታቸው ሽማግሌው ገሜዳ መጥተው ማሩን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። በአገሩ ወግ ማር የነካ አውራ ጣቱን ያጠባ ሰው አባት ነው፤ የጡት ልጁም ለአልጋው እርም ናት።

"በል እንጂ አሰፋ፣ ምን ያስፈራሃል?" አሉ።

ሸዋገነት የባሏን ፊት ትክ ብላ አየችው። እሱም አያት። ከዚያ መጋዙን አስቀምጦ እጁን ዘረጋ። አውራ ጣቱን ራሷ ይዛ ማሩ ውስጥ ነከረችው፤ ቀጥላም የራሷን።

"ጥቢ" አለቻት። ልጅቷ እያለቀሰች የሁለቱንም ጠባች።

"እኔ ገሜዳ ምስክር ነኝ" አሉ ሽማግሌው፤ ወደ ደላላዋም ዞረው፣ "አክስቲቱ፣ አንቺስ? ከእኛ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ትሄጃለሽ?"

ወለተጻድቅ ነጠላዋን ሰብስባ በሩን ከፍታ ወጣች።

ሸዋገነት እጇን ተለቃለቀችና ሸሚዙን ከሳፋው አውጥታ ለብርቅዬ ሰጠቻት።

"እንኪ፣ የአባትሽን ሸሚዝ እጠቢ። ኮሌታውን በደንብ እሺው።"