አሥራ ሦስት ደቂቃ

በላቦራቶሪያችን የዘመድ ናሙና አይነካም። ይህን ሕግ ለአዲስ ገቢዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። የታላቅ እህቴ የእትዬ ናሙና ሲመጣ ከባልደረባዬ እጅ የነጠቅኩትም እኔው ነኝ። አንገቷ ላይ ካለው እብጠት በመርፌ ተወስዶ ሁለት የመስታወት ስላይድ ላይ የተቀባ ነው። ሰው እንዳይቀድመኝ ፈርቼ ነው፤ ምኑን እንደሚቀድመኝ ግን እኔም አላውቅም።

የመጀመሪያውን ስላይድ ሰማያዊው ቀለም ውስጥ ነከርኩት። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀለሙ የሴሉን እምብርት፣ ኒውክለሱን፣ አጉልቶ ያወጣዋል፤ ሐኪሟም የምትፈርደው እሱን አይታ ነው። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ኮሪደር ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ እጄን ታጠብኩ፣ እንደገና ወጣሁ። እትዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ባሏን ስለ ኮሌታው ትነዘንዘዋለች። ባሏ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። እጅጌው ነጭ ያልሆነበት ቀን ስለሌለ ቤት ውስጥ ጠመኔው እንለዋለን።

ስላይዱን አውጥቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ኒውክለሶቹ ጥላሸት መስለዋል፤ ሴሉን ሞልተውታል። ቀና ስል ጠመኔው በሩ ላይ ቆሟል።

"ምን አየሽ?"

"ምንም።"

"ፊትሽ እንደሱ አይልም።"

አፌን መያዝ አልቻልኩም። "ኒውክለሱ ነው ጋሼ። ጠቁሯል። ደግሞ ትልቅ ነው።"

"እኔ የማውቀው የአቶሙን ነው" አለ። "አቶሙ የኳስ ሜዳ ቢያክል እሱ ጠጠር ቢሆን ነው። ክብደቱ ሁሉ ግን እሱ ጋ ነው። ትልቅ መሆኑ ክፉ ነው እንዴ?"

"እኛ ጋ ክፉ ነው።"

ዓይኔን ላሸሽ ዞር ስል ደቂቃ መቁጠሪያውን አየሁት። ስላይዱን ሳወጣ ያቆምኩት አሥራ ሦስት ላይ ነው። አሥራ ሦስት! ለሁለት ደቂቃ መዘግየት ስንቱን ሰልጣኝ ያስለቀስኩ ሴትዮ! ሳቄ አመለጠኝ።

"የኔ ጥፋት ነው ጋሼ! ቀለሙ ውስጥ አቆይቼው ነው የጠቆረው! ሌላ አለን፣ እሱን በልኩ እነክረዋለሁ!" ክንዱን ይዤ ነቀነቅኩት። በጥፋቴ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

እሱ አልሳቀም። እጅጌውን ማራገፍ ጀመረ።

"ቀለም ሲበዛ ያጠቁረዋል፤ ይሁን" አለ ቀስ ብሎ። "ያሳድገዋልም እንዴ?"

በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አያሳድገውም። ይህን እሱ ሳይሆን እኔ ነበርኩ መጠየቅ ያለብኝ።

ሁለተኛውን ስላይድ ለባልደረባዬ አስረከብኩት፤ አምስቱን ደቂቃ እሱ ይቁጠር። ወጥቼ እትዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፈርቻለሁ፤ ብድግ ቁጭ እላለሁ።

"አንቺ ደግሞ ዛሬ ምን ያቅበዘብዝሻል?" አለችኝ። እጄን ስባ ጭኗ ላይ አደረገችው። "ደግሞ ጣትሽን እይው፣ ሰማያዊ ሆኗል። በዚህ እጅሽ ልትበዪ ነው?"

መሐረቧን በምራቋ ነካ አድርጋ፣ ልጅ ሳለሁ እንደምታደርገው፣ ትፈትገኝ ጀመር።

"አይለቅም እትዬ" አልኳት።

"ዝም በይ" አለችኝ፤ መፈተጓን ቀጠለች።