የኡምኩልሱም እንዝርት

መካነ ሰላም መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችው ማስታወቂያ ቤት፣ ባለቤቷ አሳምነው ከሞተ ወዲህ በሚስቱ በሀይማኖት እጅ ነበረች። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። ሲጋቡ ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም፤ እሱ ግን አጠገቡ ወንበር ስቦ አስቀምጧት፣ ምልክት በነጥብና በመስመር እንዴት እንደሚሣል ከሥር ከመሠረቱ አሳያት። ፎቶግራፍ ሲያተልቁት ይደበዝዛል። በነጥብና በመስመር የተሠራው ግን፣ ቬክተር የሚሉት፣ የጥፍር ያህልም ይሁን የግድግዳ ያህል ጠርዙ ያው ነው። ነጥብ እንዳታበዛ ደጋግሞ ይመክራት ነበር፤ ለአንድ ቅጠል ሁለት ነጥብ ከበቃ ሦስተኛው ትርፍ ነው ይላል። ለጤና ጣቢያው የእናቶችን ክፍልና የመድኃኒት መስጫውን ምልክት፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው አይቶ ብቻ እንዲገባ አድርገው የሣሉት ሁለቱ አብረው ነበር።

በከተማው ግን አሳምነው ይበልጥ የሚታወቀው የሰው ዓርማ ባለመገልበጡ ነበር። ጭማቂ ቤት የከፈተ ሰው የታወቀ የለስላሳ መጠጥ ምልክት በበሩ ላይ እንዲሠራለት ቢለምነው፣ «የሰው እጅ አለበት» ብሎ ይመልሰዋል። ሰውየው ወጥቶ ሌላ ቤት ያሠራል፤ አሳምነውም ይህን ያውቃል። ነገር ያጠብቃል እያሉ የሚያሙት ነበሩ። ሀይማኖት ግን ትኮራበት ነበር። ኩላሊቱን ታሞ ሲሞትም ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ወንድሙ ሞላ ከሁሉ አስቀድሞ ያነሳው ይህንኑ ነው፤ ወንድሜ የሰው የማይነካ ሰው ነበር አለ።

ከሠራቸው ሁሉ የሚወደድለት ደግሞ የባና ማኅበሩ ዓርማ ነበር። በዙሪያው ካሉት የደጋ ቀበሌዎች የተሰባሰቡ ሴቶች የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፤ ሸማኔዎች ሸምነው ባና፣ ወፍራሙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ያደርጉታል፤ ማኅበሩ ወስዶ ደሴ ድረስ ይሸጠዋል። ዓርማው አንድ ቀጥ ያለ እንዝርትና በላዩ ላይ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ ክር ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ክሩ ወደ ግራ ይዞራል። ለምን ወደ ግራ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ አሳምነው ከሌላው እንዲለይ ብዬ ነው ይል ነበር።

ለሙት ዓመቱ ሦስት ወር ሲቀር የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ወርቂቱ ተናዳ ወደ ሱቁ መጣች። ደሴ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ በማሽን የተሠራ ብርድ ልብስ የነሱን ዓርማ ለጥፎበት ሲሸጥ አይታለች። የጠየቀቻቸው ሰዎች፣ ዓርማውን በንግድ ምልክትነት ካላስመዘገባችሁ ማን ይሰማችኋል ብለዋታል። ለምዝገባው የመጀመሪያው ሥዕልና የሠሪው ስም ያስፈልጋል። የባሏ ስም በመንግሥት መዝገብ ሊሰፍር ነው ብላ ሀይማኖት ደስ አላት። በማግስቱ ጠዋት መብራት እንደመጣ፣ አሳምነው ይሠራበት የነበረውን አሮጌ ኮምፒውተር አስነስታ ፋይሉን ከፈተችው።

እንዲህ ያለ ሥዕል በሥዕል ላይ እንደሚነባበር ስስ ወረቀት ነው፤ አንዱን ንብርብር ደብቆ ሌላውን ማሳየት ይቻላል። ከሁሉ ሥር አንድ የተደበቀና የተቆለፈ ንብርብር አገኘች። የባሏ የመጀመሪያ ሙከራ መስሏት ገለጠችው። በስልክ የተነሳ የደብተር ገጽ ነበር። በእስክሪብቶ የተሣለ እንዝርት፣ ወደ ግራ የተጠማዘዘ ክር፣ ከግርጌው ደግሞ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ «የእናቴ እንዝርት። ጠልሐ፣ ጥር 2007»።

ሥዕሉን አቅርባ አየችው። የአሳምነው ነጥቦች በእስክሪብቶው መስመር ላይ አንድ በአንድ ተቀምጠዋል። እስክሪብቶው ትንሽ በተንቀጠቀጠበት ቦታ እንኳ የሱም መስመር አብሮ ተንቀጥቅጧል።

ጠልሐን በደንብ ታውቀዋለች። ሱቁ ሲከፈት ከአሳምነው ጋር ሦስት ዓመት አብሮ የሠራ ጓደኛው ነው። ለልጆች ቁርአን እያስቀሩ የሚያስተምሩት አባቱ ሲሞቱ ቦታቸውን ሊተካ ወደ አገሩ ወደ ከላላ ተመለሰ። ለአሳምነው ቀብር መጥቶ አፈር አልብሶ፣ እሷንም አጽናንቶ ነበር የሄደው። ስለ ዓርማው አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ሀይማኖት ቀኑን ሙሉ ሱቋን ዘግታ የባሏን የድሮ ፋይሎች ስታገላብጥ ዋለች። ከእንዝርቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የተገለበጡ ዓርማዎች ሞልተዋል፤ የጫማ፣ የለስላሳ፣ የስልክ። እንደ ማንኛውም ማስታወቂያ ቤት ያገኘውን ይገለብጥ ነበር። ከእንዝርቱ በኋላ ግን አንድም የለም። ስትኮራበት የኖረችው ነገር ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባት። የጓደኛውን ከወሰደ በኋላ ነው የሰው አልነካም ያለው።

በሳምንቱ፣ የደብተሩን ገጽ ወረቀት ላይ አትማ በሚኒባስ ከላላ ወረደች። ጠልሐ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ደረሶቹን፣ የቁርአን ተማሪዎቹን፣ ያስቀራ ነበር። ሲያያት ልጆቹን አሰናበተ፤ ሚስቱ ሩፋይዳም ወንበር አውጥታ፣ ውሃ አቅርባ ስለ ቤተሰቡ ጠያየቀቻት። ሀይማኖት በሱቁ ጊዜ ስሙን ብቻ ነበር የምትጠራው። አሁን ጢሙ ሸብቷል፣ አገሬው ሸህ ይለዋል።

«ሸህ ጠልሐ፣ ላስቸግርዎት ነው የመጣሁት» አለችው።

«ድሮ አንተ ነበር የምትይኝ» አለና ፈገግ አለ።

ወረቀቱን ሰጠችው። ፈገግታው ጠፋ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ «እናቴ ግራኝ ነበረች» አለ። «እንዝርቷ እንደ ሌላው ሴት አይዞርም፤ ጎረቤቶቿ ይስቁባት ነበር። ኡምኩልሱም የፈተለችው ክር ይፈታል ይሏታል። አንድም ቀን ተፈትቶ አያውቅም። በሞተች በወሩ፣ ሱቅ ቁጭ ብዬ ትዝ አለችኝና ሣልኳት። አሳምነው አይቶ በስልኩ አነሳው። ለምንድን ነው ስለው ደስ ብሎኝ ነው አለኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝግታ ነገራት። ከላላ በተመለሰ በዓመቱ ገበያ መሀል አንድ ባና ላይ የእናቱን እንዝርት ተሰፍቶ አየው። በመጀመሪያ ተናደደ። ቆይቶ ግን ጓደኛዬ ነው፣ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል ብሎ ተወው። ዓመታት አለፉ። አሳምነው በእርግጥም መጣ፤ ከመሞቱ አራት ወር በፊት፣ ፊቱ አብጦ፣ ምርኩዝ ይዞ። ሀይማኖት ያን ቀን ወግዲ ለሥራ እሄዳለሁ ብሏት እንደነበር አስታወሰች። ከቀትሩ የዙህር ሶላት እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ድረስ ሁለቱ አብረው ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ድሮው ሱቅ ሲያወሩ ዋሉ።

«አሁን ይነግረኛል፣ አሁን ይነግረኛል እያልኩ ጠበቅሁት» አለ ጠልሐ። «በሩ ላይ እጄን ይዞ ቆየ። ከዚያ ደህና ሁን ብሎኝ ሄደ። እኔም አልጠየቅሁትም። ቢነግረኝ ኖሮ ውሰደው እለው ነበር።»

ሀይማኖት አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ከቤቷ ስትነሳ ያሰበችውን ነገረችው፤ ዓርማው በሱ ስም ይመዝገብ፣ ማኅበሩ በሱ ፈቃድ ይጠቀምበት፣ ለሴቶቹም እንጀራቸው ነው አለች። ጠልሐ ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ ምንም አላጠፉም፤ እስካሁን የተሰፋበትን ባና ሸጠው ይጨርሱ። ከዚያ ወዲያ ግን ይቅር።

«እናቴ ናት» አለ። «ለባና መሸጫ ብዬ አልሣልኳትም።»

ልትለምነው አፏን ከፍታ ተወችው። ምን ብላ ትለምነዋለች? ለመሄድ ስትነሳ ግን አንድ ነገር ሳትጠይቀው መውጣት አቃታት።

«አሳምነውን ይቅር ብለኸዋል?» አለችው። አንተ ማለቷን ልብ አላለችውም።

«ዱዓ አደርግለታለሁ» አላት። «ይቅርታውን ግን ራሱ ቢጠይቀኝ ነበር የሚያምረው።»

የማኅበሩ ሴቶች በመጋዘኑ በር ላይ ተሰብስበው ሰሟት። ምንም አልደበቀችም፤ ባሌ የጓደኛውን ሥዕል ገልብጦ የራሴ ነው ብሏችኋል አለቻቸው። እትዬ ወርቂቱ፣ ማንም እኮ አያውቅም ነበር አለቻት፤ በንዴት ሳይሆን ልብ በሚያደማ ድምፅ። ገዢ ባናውን የሚለየው በዚያ ምልክት ነበር። አሁን እነሱ ሲተዉት የደሴው ነጋዴ ግን እንደለጠፈው ይቀጥላል፤ ጠልሐ ልክሰስ አላለምና የሚከለክለው የለም። ሴቶቹ ይህንን እያወቁ ዓርማውን ለመተው ተስማሙ። ተስማምተው ሲበተኑ ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው ሀይማኖትን ደህና ዋይ ያሏት።

ወሬው ሞላ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ሱቁ ድረስ መጥቶ ቆሞ ተናገራት።

«ወንድሜ በሕይወት ቢኖር መልስ ይሰጥሽ ነበር» አላት። «አፈር ከገባ በኋላ ስሙን አወጣሽው።»

እሷም ልታስረዳው ሞከረች፤ የሰው እናት ነች፣ ዝም ብዬ እንዴት ፈርሜ አስመዘግባለሁ አለችው። አልሰማትም። ወጥቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ በሱቁ በር ሲያልፍ ፊቱን ወዲያ አዙሮ ነው።

አዲሱን ዓርማ ሀይማኖት ራሷ ሣለችው። ሦስት ሳምንት ፈጀባት። የታጠፈ ባና ነው፤ ሦስት መስመርና ከታች ዘርፉ። የማንንም ሥዕል አላየችም፤ ማኅበሩ የሠራውን አንድ ባና ጠረጴዛ ላይ አጥፋ አስቀምጣ፣ እያየች፣ እያጠፋች፣ እንደገና እየጀመረች ነው የጨረሰችው። የእንዝርቱን ያህል እንደማያምር ታውቃለች። ሴቶቹም አውቀዋል፤ እትዬ ወርቂቱ አገላብጣ አየችውና ይሁን አለች። የምዝገባው ቅጽ ላይ ሠሪ የሚለው መስመር ጋ ስትደርስ የራሷን ስም ጻፈች።

የሙት ዓመቱ ቀን ሞላ አልመጣም። ድንኳኑ ውስጥ ለሱ የተተወው ወንበር ባዶውን ዋለ። እኩለ ቀን ሲሆን ጠልሐና ሩፋይዳ ከከላላ ደረሱ። ለሙስሊም ጎረቤቶች ለብቻ ታርዶ ስለነበር ከነሱ ጋር ተቀምጠው በሉ። ከዚያ ጠልሐ መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፤ የጎረቤቶቹ ሽማግሌዎች ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሚን አሉ። ምን እንዳለ ሀይማኖት ከሴቶቹ መካከል ሆና አልሰማችም። ወደ መናኸሪያው ስትሸኛቸው ስለ እንዝርቱ አላነሱም፤ ጠልሐ አላህ ያጽናሽ ብሏት ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

ፋይሉን ከከፈተችበት ቀን ጀምሮ ለባሏ አላለቀሰችም ነበር። ንዴቱ አላስለቀሳትም። ከሸኘቻቸው በኋላ ግን ጓዳ ገብታ፣ ታሞ በምርኩዝ እስከ ከላላ ሄዶ፣ ከዙህር እስከ አስር ተቀምጦ፣ አንዲት ቃል አልወጣ ብላው የተመለሰውን ሰው አሰበችው። በዚያ መንገድ ላይ ብቻውን ነበር። ለሷ ቢነግራት አብራው ትሄድ ነበር። እስክትደክም አለቀሰች። ሳህን የሚያጥቡት ሴቶች ድምፅዋን ሰምተው በሩን ገርበብ አደረጉላትና ሥራቸውን ቀጠሉ።