የፒያኖ ቃኚው ኮምፒውተር

ፒያኖ ቃኚው ለሰባተኛ ጊዜ ማብሪያውን ተጫኑ። አረንጓዴዋ መብራት በራች፤ ማራገቢያውም እንደ ሁልጊዜው እያጉረመረመ መዞር ጀመረ። ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። በግራ እጃቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ በቀኛቸው የኮምፒውተሩን ጎን መታ መታ አደረጉት።

"አባዬ፣ እየመታኸው ነው እንዴ?" አለች ልጃቸው። ከተማው ማዶ ባለ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ትጠግናለች፤ ድምጿ እንደ አባቷ ወፈር ያለ ነው።

"ኧረ እያባበልኩት ነው!"

እንዲህ ያስጨነቃቸው እዚያ ውስጥ ተቆልፎ የቀረው ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ነው። አርባ አንድ ዓመት ፒያኖ የቃኙለት የሙዚቃ ትምህርት ቤት "የላይኞቹ ቁልፎች ቀጭን ድምፅ ተዛብቷል" ብሎ ለነገ ጠዋት ጠርቷቸዋል። አጥጋቢ መልስ ካልሰጡ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እሳቸውም ሳምንቱን ሙሉ በሁለት ጣት እየለቀሙ መልሳቸውን ጻፉ፤ አየሩን ወቀሱ፣ ክሮቹን ወቀሱ፣ ቅሬታውን ላነሳችው ወጣት የፒያኖ መምህርት ደግሞ ልክ ልኳን ነገሯት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ያውቋታል፦ "ጆሮዬ አንድም ቀን አሳስቶኝ አያውቅም።" የቀራቸው ማተም ብቻ ነበር። ኮምፒውተሩ ታዲያ ዛሬን መርጦ ዘጋቸው።

ገመዱን ነቅለው ሰክተዋል፤ ሶኬት ቀይረዋል፤ አቧራውን በልብስ ብሩሽ ጠርገዋል። ያን ሁሉ ፒያኖ ፈትቶ የገጠመ እጅ በአንድ ቆርቆሮ ሳጥን ተሸነፈ። ከዚህ ወዲያ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም፤ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።

"እሺ፣ አጥፍተህ አብራው" አለች ልጃቸው። "ሲነሳ ይጮሃል። ስንት ጊዜ እንደጮኸ ቁጠርልኝ፤ ችግሩን የሚናገረው በጩኸቱ ነው።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ድምፁን ከፍ አደረጉ። አጠፉ፤ አበሩ፤ ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ አስጠግተው ትንፋሻቸውን ያዙ። ማራገቢያው ብቻ ያጉረመርማል።

"ምንም አልጮኸም" አሉ።

ስልኩን አንስተው አዩት።

"ሄሎ? ተቋረጠ እንዴ?"

"አለሁ። እስቲ አንዴ ድገመው።"

ደገሙት። "አሁንም የለም። መጮሁንም ትቷል ማለት ነው።"

"አባዬ..." አለች ቀስ ብላ። "ሦስት ጊዜ ጮኸ። ቅድምም፣ አሁንም። እኔ እዚህ ሆኜ ሰማሁት እኮ።"

ሊቆጡ ሲሉ ግን ባለፈው ዓመት ተበላሽቷል ብለው የነቀሉት የበር ደወል ትዝ አላቸው። አትጮህም ብለው ለባለሱቁ የመለሱለት የማንቂያ ሰዓትም። ወጣቷ መምህርት የመጨረሻዋን ቁልፍ ደጋግማ እየመታች "ይሰማዎታል?" ስትላቸው፣ "ካንቺ ቀድሜ ሰምቼዋለሁ!" ብለው ነበር። ያኔ የሰሙት የእንጨቱን ኳኳታ ብቻ ነው። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ሳይነግራቸው ጥሏቸው ሄዷል። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ አፈሩ።

"ሚሞሪው ነው፣ ቀላል ነው" አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። "ክዳኑን ፍታና ካርዷን አውጣት፤ ጫፏን በላጲስ አሽተህ መልሳት። ወዲያው ይነሳል፤ ደብዳቤህን ፕሪንት ታደርጋለህ።"

ካቻቪቴው እጃቸው ላይ ነበር። አንዱን ብሎን እስከ ግማሽ ፈቱትና ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው መልሰው አጠበቁት።

"አባዬ፣ ፈታኸው?"

"ተይው፣ ይተኛ።" ካቻቪቴውን ወደ ሥራ ቦርሳቸው መለሱት። "ይልቅ ነገ ጠዋት ፈቃድ ታገኛለሽ?"

"ምነው?"

"ትምህርት ቤቱ ድረስ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ክሩን እኔ አጠብቃለሁ፤ ላይኞቹን አንቺ ትሰሚልኛለሽ፣ እሺ ካሉ።"

"ደብዳቤውስ?"

"በአፌ እነግራቸዋለሁ። አጭር ነው፦ አይሰማኝም።"